ክሬም፣ ቡኒ ወይስ አረንጓዴ? የበርና የመስኮት ቀለም አመራረጥ

በር ከቤት አካላት መካከል በእጅ የሚዳሰስ፣ በእግር የሚገፋ፣ በዝናብ የሚመታና በእንግዳ የሚገመገም ክፍል ነው። መስኮት በአንጻሩ የሚታይበት እንጂ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ዘመኑን ሁሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲመለከት ይኖራል፣ የመስኮቱን መልክ በደንብ የሚያውቀው ግን የፊት ለፊት ጎረቤቱ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከቤቱ ገጽታ ትንሹን ስፋት ይይዛሉ፤ ከቤተሰቡ ክርክር ደግሞ ትልቁን። ግድግዳው ክሬም ይሁን ለማለት አቦሉ ሳያልቅ ስምምነት ይደረሳል። በሩ ቡኒ ይሁን አረንጓዴ የሚለው ጉዳይ ሲነሳ ግን ቶናው ያልፋል፣ በረካው ያልፋል፣ ረከቦቱ ተነስቶም ነገሩ አልተቆረጠም።

ጉዳዩን የሚያከብደው «በርና መስኮት» እየተባሉ በጅምላ የሚጠሩት ነገሮች ብዙ መሆናቸው ነው። የግቢ በር አለ፣ የሳሎን በር አለ፣ የመኝታ ቤት፣ የማድ ቤትና የሽንት ቤት በር አለ። መስኮቱም ፍሬሙ፣ ተከፋቹ፣ ሌባ መከላከያው ፍርግርግ፣ አንዳንዴም የእንጨት መዝጊያው አለ። በሩን ዙሪያውን የያዙት መቃንና ጉበን ደግሞ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ ከበሩ ጋር ይቀቡ ወይስ ከግድግዳው? የእያንዳንዱ ዳኛ የተለያየ ነው። የግቢውን በር የሚፈርደው መንገደኛ ነው፤ የሳሎኑን በር እንግዳ፤ የመስኮቱን ፍሬም ፀሐይ፤ የማድ ቤቱን በር ዘይትና ጥላሸት። የመኝታ ቤቱን በር ማንም አይፈርደውም፤ ከሌላው የተረፈው ቀለም የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው።

ቀለም በበር ላይ የመጣው ዘግይቶ ነው። በገጠሩ ቤት የበሩ ሳንቃ ከዋንዛ ወይም ከጽድ ይጠረባል፤ መልክ የሚሰጡት ጭስ፣ የእጅ ወዝና ዕድሜ ናቸው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች የሠሯቸው ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች ሰፋፊ መስኮትና ባለ ሁለት ተከፋች መዝጊያ ይዘው መጡ፤ ይህን ያህል እንጨት ደጅ ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያለ ቀለም የሚቆይ አልሆነም። ቀስ በቀስም የተቀባ በር ያለው ቤት የሰው ቤት፣ ያልተቀባ በር ያለው ቤት ገና ያላለቀ ቤት ተደርጎ ይታይ ጀመር።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ብዙ በር በአንድ ቀን ባለቤት ቀየረ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ሊያፈርስ ወይም ክፍል ሊቀጥል አይችልም፤ በሩን ቢቀባ ግን ማንም መጥቶ አይጠይቀውም። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ ትውልድ የቤት አሳዳሪነት ስሜት የተወጣው በበርና በመስኮት ላይ ነው። ምስክሩ እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። ከማጠፊያው አጠገብ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ብትነሳ ጠርዟ ላይ ንብርብሩ ይቆጠራል፦ ላዩ ቡኒ፣ ከሥሩ ውሃ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ሣር አረንጓዴ፣ ከሥሩ እንደገና ቡኒ። የሰፈሩ አዛውንቶች ውሃ ሰማያዊው ለማን ሠርግ፣ አረንጓዴው ለማን ክርስትና እንደተቀባ ሳይሳሳቱ ይናገራሉ። ቡኒው ለማን እንደተቀባ የሚያስታውስ የለም፤ ቡኒ ያለ ምክንያትም ይቀባል።

ንብርብሩ ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ውፍረትም ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ የአራት ዘመን ቀለም የለበሰው በር ሐምሌ ላይ መቃኑን ነክሶ አልዘጋም ይላል። አናጺ ይጠራል፤ ጠርዙን በመላጊያ ይልጋል። የተላገው ጠርዝ ባዶ እንጨት ስለሆነ የበለጠ ውሃ ይጠጣል፣ የበለጠ ያብጣል፣ አናጺውም በተከታዩ ሐምሌ ይጠራል። ከዚህ ዑደት የሚወጣው የተላገውን ጠርዝ፣ በተለይም ማንም የማያየውን የበሩን ታችና ላይ፣ ወዲያውኑ የቀባ ሰው ብቻ ነው።

አሮጌ ቀለም ሲፋቅ አንድ ቀልድ የማያውቅ ጉዳይ አለ። ቀደም ባለው ዘመን ደማቅ ቢጫ፣ ደማቅ ብርቱካናማና አንዳንድ አረንጓዴ የዘይት ቀለሞች ድምቀታቸውን የሚያገኙት ከእርሳስ ውሁዶች ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ የድሮው በር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ አሮጌ በር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ ውሃ እየተረጨ ይፋቃል፣ ፍርፋሪው ተጠርጎ ይጣላል፣ ልጆችም እስኪያልቅ ከአካባቢው ይርቃሉ።

ቀለም ከመመረጡ በፊት የሚቀባው ነገር ምን እንደሆነ ይታያል። እንጨት ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ ጥሩ እንጨት ከሆነ በቫርኒሽ መልኩን ማሳየት፣ ቋጠሮና ስንጥቅ የበዛበት ከሆነ በስቱኮ ደፍኖ በዘይት ቀለም መሸፈን። ኮምፔንሳቶ በር ላይ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው የሚያሳየው ሙጫውን ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ቀለሙ ከፋብሪካ ተቀብቶ ስለሚመጣ ክርክሩ ሱቅ ውስጥ ያልቃል፤ አሉሚኒየም የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ብረት ግን ሌላ ዓለም ነው። የላሜራ በር ከብየዳ ቤት ሲወጣ በመጀመሪያ አንቲረስት ይቀባል፤ ቀይ ቡኒ ወይም ግራጫ ሆኖ፣ ያለ ምንም ውበት፣ «ለጊዜው» ተብሎ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ገንዘብ እስኪያገኝ ይጠበቃል። ገንዘቡ ሲገኝ የጣሪያው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ በተከታዩ ዓመት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፤ በመካከሉ የቤት ቁጥሩ ታርጋ በአንቲረስቱ ላይ ይመታል፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፣ ቡጋንቪላው አድጎ በላዩ ይንጠለጠላል። አሥር ዓመት ሲሞላው ሰፈሩ ቤቱን በዚያ መልኩ ያውቀዋል፤ ባለቤቱም ቢጠየቅ «መርጬው ነው» ለማለት አያፍርም። ችግሩ አንቲረስት የተሠራው ሌላ ቀለም ሊሸከም እንጂ ዝናብና ፀሐይን ብቻውን ሊቋቋም አለመሆኑ ነው። ውሎ አድሮ እንደ ዱቄት ይበናል፣ እርጥበት ያስገባል፣ ዝገቱም መጀመሪያ ውሃ በሚያቁረው በታችኛው ጠርዝ በኩል ብቅ ይላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሁሉንም በር ግማሽ ከሚቀባ የታችኛውን ሩብ ሙሉ ቀብቶ ቢያድር ይሻለዋል።

ቀጥሎ የሚማከሩት ፀሐይን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ቀለምን ያነጣል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸነፈው ደማቅ ቀይ ነው። በኩራት የተቀባ ቀይ በር ሁለት ሦስት በጋ ሲያልፈው ማንም ያልመረጠው ሮዝ ይሆናል። ቀይ ፈልጎ ሮዝን የሚፈራ ሰው ወደ ብረት ዝገትና ወደ ቀይ አፈር ያደላውን ቀይ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራው ቀይና ቢጫ ፀሐይ የማይበግረው ነው፤ ከመጀመሪያውም የኖረው ፀሐይ ላይ ነዋ።

ከተማዋ ከምድር ወገብ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ማንኛውም በር በየተራው ይደርሰዋል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የምሥራቅና የምዕራብ በር ነው። ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውን ያህል ይመልሳል፤ ጥቁር 5 በመቶ አካባቢ ብቻ። ወደ ምዕራብ የዞረ ጥቁር የላሜራ በር አሥር ሰዓት ላይ እጀታውን በነጠላ ጫፍ ካልሆነ አያስይዝም። በድሬዳዋና በአዋሽ ይህን የሚያውቁት ሳይነገራቸው ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው ግን ቆላ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚያምረው ጥቁር በር ነው።

ፀሐይ የማይደርስበት ቦታም ከችግር አያመልጥም። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን ሲያጣ ይበጫል። ከቁም ሳጥን ጀርባ የተደበቀው የበር ፍሬም በጥንቃቄ እንደተያዘ ነጭ ሆኖ ይገኛል ተብሎ ሲጠበቅ የቅቤ መልክ ይዞ ብቅ ይላል። ቤተሰቡ ኪራይ ቤት ሲለቅ «ማነው ያቆሸሸው?» ተብሎ የሚነሳው ጠብ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሌለው ጠብ ነው።

ከፀሐይ ቀጥሎ እጅ ይመጣል። ማንኛውም በር በእጀታው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ያበጃል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ሁለተኛ ቀለበት ከእሱ በታች በወገብ ልክ ይታያል። ሦስተኛው ምልክት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለው የጫማ አሻራ ነው፤ ይህ ትሪ ተሸክሞ፣ እጁ ሞልቶበት፣ በሩን በእግሩ የከፈተ ሰው ምስክር ነው፤ በተለይ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን በሚወስደው በር ላይ በበዓል ማግስት ግልጽ ሆኖ ይነበባል። ብልሃተኛ ቀቢ የበሩን የታችኛውን ክፍል ከዞኮሎው ጋር አስማምቶ ጠቆር ያደርገዋል።

የቡኒ ዙፋን የተተከለው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ጭቃ በሐምሌ ቡኒ ነው፤ አቧራዋ በጥር ቡኒ ነው፤ የእጅ እድፍ ቡኒ ነው፤ የፈሰሰ ቡና ቡኒ ነው። ቡኒ በር ይህን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ይላል። የቤቱ እመቤት «የማያሳብቅ ይሁን» ስትል የምትለው ይህንኑ ነው፤ ቀለም ቀቢውም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። በቡኒ ላይ የሚቀርበው ክስ አንድ ነው፦ እድፉን ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን ለሚያጸዳውም ይደብቃል። ነጭ በር በሳምንት ይወለወላል፤ ቡኒ በር በዓመት አንዴ፣ ያውም እጅ መጣበቅ ሲጀምር። የሚያብረቀርቅ ቀለም በአንድ ጨርቅ ይጸዳል፣ ግን የብየዳውን እብጠትና የመዶሻውን ጎድጓዳ ሁሉ ለዓለም ያሳያል፤ ደብዛዛው ጉድለትን ይሸፍናል፣ እድፍን ግን አይለቅም። ጎባጣ ላሜራ ላይ አብረቅራቂ ጥቁር የቀባ ሰው ጎረቤቱ በሩ ፊት ቆሞ ቢስቅ፣ ጎረቤቱ ተወላግዶ የሚታየውን የራሱን ፊት እያየ እንደሆነ ይወቅ።

መስኮት ሌላ ሕግ አለው። በቀን ብርሃን ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ሰው ማንኛውም ፍሬም ከሰማዩ ጋር ሲነጻጸር ጨለማ ነው፤ አረንጓዴውም፣ ቡኒውም፣ ሰማያዊውም ጥቁር መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ለውስጥ በኩል ደማቅ ቀለም ለመምረጥ ሦስት ቀን የተሟገተ ቤተሰብ የተሟገተው ማታ ማታ ብቻ ስለሚታይ ነገር ነው። ጥሩው መላ የፍሬሙን ውስጥና መስኮቱ የተቀመጠበትን የግድግዳ ጥልቀት ነጭ ወይም ክሬም ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ከደማቁ ሰማይ ወደ ጨለማው ክፍል ያለው ዝላይ ይቀንሳል፣ ዓይን አይጨናበስም፣ ክፍሉም ይበራል። ከውጭ በኩል ደግሞ መስታወቱ ራሱ ጠቆር ስለሚል ፈዛዛ ፍሬም መስኮቱን ያጎላዋል፣ ጥቁር ፍሬም ይውጠዋል። ጠባብ መስኮት ያለው ቤት ፈዛዛውን ቢመርጥ ያተርፋል። ፍርግርጉን በተመለከተ ከውስጥ ሲታይ ጠቆር ያለው ይሻላል፤ ነጭ የተቀባ ፍርግርግ ዓይንን እየያዘ ቤቱን ፖሊስ ጣቢያ ያስመስለዋል።

ሰማያዊ የመስኮት ፍሬም ዝንብ ያባርራል የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ቢያንስ ለአንዱ ዝንብ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ገንዲ የሚያመጣውን የቆላ ዝንብ ለመያዝ በየወንዙ ሸለቆ የሚተከለው ወጥመድ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሰፋው ዝንቡ ወደ ሰማያዊ ስለሚሳብ ነው። ለቤት ዝንብ መድኃኒቱ ወንፊት ሽቦ ነው፤ እሱ በየትኛውም ቀለም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የቤተሰብ ጉባኤ ይቀመጣል። አባት «ያለው ምን ሆነ?» ይላል። እናት የማያሳብቀውን ትጠይቃለች። ሴት ልጅ ከስልኳ ከሰል ግራጫ ታሳያለች። አክስት «የእነ እንትና ቤት አረንጓዴ ነው፣ እንዴት ያምራል» ትላለች፤ እነ እንትና ከሦስት ዓመት በፊት ቡኒ ቀብተዋል። ከቨርጂኒያ የሚደውለው የአጎት ልጅ ቀይ በር እንዲሆን አጥብቆ ይመክራል። እሱ በሚኖርበት ሰፈር የነዋሪዎች ማኅበር የፈቀዳቸው የበር ቀለሞች ዝርዝር ስላለ ከዝርዝሩ ውጭ አንዲት ብሩሽ ለማሳረፍ ማመልከቻ ጽፎ መልስ መጠበቅ አለበት፤ ቀይ የመቀባት ምኞቱን የሚወጣው በዘመድ በር ላይ ነው።

ጉባኤው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሚወደው ቀለም ነው። መጀመር ያለበት ከማይቀየረው ነገር ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ አረንጓዴ ከሆነ፣ የደረጃው ሴራሚክ ቀይ ከሆነ፣ መሠረቱ በጥቁር ድንጋይ ወይም በአምቦ ድንጋይ ከተለበጠ፣ ከሦስት አንዱ ምርጫ አስቀድሞ ተመርጧል፤ በሩ ከእነሱ ጋር ይስማማል እንጂ እነሱ ከበሩ ጋር አይስማሙም። አረንጓዴ ጣሪያ ሥር ሌላ ዓይነት አረንጓዴ በር ማስገባት ከሁሉ የከፋው ነው፤ የማይመሳሰሉ ሁለት አረንጓዴዎች ተያይተው አንዱ አንዱን የቆሸሸ ያስመስለዋል።

ከዚያ ወደ ሱቅ ይኬዳል። የቀለም ናሙና ካርዱ ላይ ያለችው ቁራጭ አውራ ጣት ታህላለች፤ በር ላይ ስትሰፋ ቀለሟ ከታሰበው በላይ ይጎላል። ካርዱ ላይ «ለስለስ ያለ» የተባለው አረንጓዴ በላሜራው ላይ ሲዘረጋ ከሩቅ አውቶቡስ ማቆሚያ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከተወደደው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መያዝ ይበጃል። የሱቁ መብራት ነጭ፣ የቤቱ አምፖል ቢጫ፣ የደጁ ብርሃን ሌላ ስለሆነ አንዱ ቀለም ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ትንሽ ቀለም ገዝቶ የክንድ ስፋት ባለው ጣውላ ላይ ሁለት እጅ መቀባት፣ ጣውላውን በሩ ላይ አስደግፎ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ማየት። ቀለም ቀቢው ግን ይህን አይወድም። «እትዬ፣ ሲደርቅ ይስተካከላል» ይላል። የውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ብሎ ሲደርቅ ስለሚጠቁር በግድግዳ ላይ እውነት አለው፤ በበሩ የዘይት ቀለም ላይ ግን ያለቅጥ የደመቀው ሲደርቅም ያው ነው። በእጅ የተደባለቀ ቀለም ሁለተኛ አይገኝም፤ ቀቢው ጥቁሩን ጠብ ያደረገው በዓይኑ ልክ ነው፣ የዛሬ ዓይኑ ደግሞ የነገ ዓይኑ አይደለም። በማሽን ከተደባለቀ ቁጥሩ ጣሳው ላይ ይለጠፋል፤ ያ ቁጥር ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ከቤተሰቡ ቀጥሎ ሰፈሩ አለ። ለዓመታት ሰማያዊና ነጭ የአዲስ አበባ ታክሲ ልብስ ስለነበሩ፣ የታክሲ ሰማያዊ የተቀባ የግቢ በር ሲታይ ባለቤቱ ሚኒባስ አለው ወይም ጋራዥ የሚሠራ ዘመድ አለው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አግድም የተቀባ በር አገር መውደድን ያሳያል፤ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ ግን ተሳላሚ ሊቆምበት ይችላል። ጥቁር የላሜራ በር ላይ የተደረደሩ የጦር ጫፎች ወርቅማ ቀለም ሲቀቡ የሀብት ምልክት ናቸው። ጦሩ ሌባን ያስፈራራ ተብሎ ተሠርቶ በወርቅ መቀባቱ ግን ሌባውን ለሁለት ሐሳብ ይዳርገዋል።

በኮንዶሚኒየም ይህ ነፃነት ጠባብ ነው። የሕንፃው ገጽታ የጋራ ስለሆነ የመስኮቱ የውጭ ቀለም የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ለነዋሪው የሚቀረው የመግቢያው በር የውስጥ ገጽና የመኝታ ቤቶቹ በሮች ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ባለፈባቸው የአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ደግሞ ግራጫ ነክ ቀለም በርትቷል። ለዓመታት ከሰል ግራጫ ስትጠይቅ የኖረችው ልጅ በዚህ በኩል መንግሥት ረድቷታል።

በተቃራኒው ያለው ሐረር ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ቀለሙን የያዘው ግድግዳው ነው፤ ጠባቡ መንገድ በነጭ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በሐምራዊ ግድግዳ መካከል ይታጠፋል፣ ለበዓልም ይታደሳል። ግድግዳው እንዲህ ሲናገር በሩ ዝም ቢል፣ እንጨቱን ይዞ ቢቆም ያምርበታል። አዲስ አበባ ተገላቢጦሹን ይዛለች፤ ግድግዳዋ ክሬም ሆኖ ዝም ስላለ በሩ የመናገር ዕድል አለው። ሁለቱም ይሠራሉ። የማይሠራው ሁለቱም እኩል ሲጮሁ ነው፤ ሐምራዊ ግድግዳ ላይ ብርቱካናማ በር ገጥሞ ዓይኑን የማያመው የዳቦ ቤት ባለቤት ብቻ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ከሩቅ መታየት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ የማይቀር አንድ ሙግት አለ። ሳሎኑ ክሬም፣ መኝታ ቤቱ ውሃ ሰማያዊ ከሆነ በሩ በየገጹ የየክፍሉን ቀለም ይይዛል፤ ጠርዙስ? የባለሙያዎች ልማድ ይህ ነው፦ ቁልፉ ያለበት ጠርዝ በሩ ወደ ውስጡ የሚከፈትበትን ክፍል ቀለም ይወስዳል፤ ማጠፊያው ያለበት ጠርዝ የሌላኛውን። በሩ ክፍት ሲሆን እያንዳንዱ ጠርዝ የሚታየው ከዚያ ክፍል ስለሆነ ነው። ማጠፊያው ግን ባይቀባ ይመረጣል፤ የተቀባ ማጠፊያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሌሊት ማን እንደገባ ለቤቱ ሁሉ ያሳውቃል፤ ወጣት ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህንን እንደ ጥቅም ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም።

ጊዜውን በተመለከተ የአገሩ ልማድና የቀለሙ ተፈጥሮ አይስማሙም። ቤት የሚታደሰው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ቀለም የሚገዛው ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ነው፤ ጳጉሜ ላይ ደግሞ ዝናቡ ገና አልወጣም። የዘይት ቀለም ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ስለሆነ በብርድና በእርጥበት ይዘገያል፤ በሁለት እጅ መካከል አንድ ቀን ሙሉ ማሳደር ያስፈልጋል። ቀቢው አሥር ቤት ስለያዘ አያሳድርም፤ አኳራጅ አብዝቶ ያቀጥነውና የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ይደርባል። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በዓሉ ማለዳ ሐበሻ ልብስ የለበሰው እንግዳ መቃኑን ተደግፎ ጫማውን ይጠርጋል፤ ትከሻው ላይም የቤቱን አዲስ ቀለም ይዞ ይገባል። «ቀለም አልደረቀም» የሚል ወረቀት መለጠፍ አይረዳም፤ ያነበበ ሁሉ እውነት መሆኑን በጣቱ ያረጋግጣል። ጥቅምትና ኅዳር ደረቅና ፀሐያማ ስለሆኑ ለበር ቀለም የተሻሉት እነሱ ናቸው፤ ለገናም ይደርሳሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ስንት ይገዛ የሚለው ነው። 90 በ210 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር አንዱ ገጹ ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ሁለቱ ገጽ ሁለት ሁለት እጅ ሲቀባ ስምንት ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ አሥር ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለአንድ በር ሊትር የማይሞላ ቀለም ይበቃል ማለት ነው። ሰው የሚገዛው ግን ጋሎን ነው፤ ምናልባት ቢጎድል ብሎ። የተረፈው ክዳኑ በደንብ ተመትቶ፣ ቁጥሩና የተቀባበት ዓመት በላዩ ተጽፎ ቢቀመጥ ለተጫረ በር ማደሻ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሲከፈት የሚገኘው ቆዳ መሳይ ሽፋን ተቆርጦ ይወጣል እንጂ አይበጠበጥም። ይህን የሚያደርግ ቤት ጥቂት ነው። በአብዛኛው ግቢ የተረፈው ቀለም በዚያው ሳምንት ጉዞ ይጀምራል፤ ከሳሎኑ በር ወደ ሽንት ቤቱ በር፣ ከዚያ ወደ ደጁ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ ውሻው ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ዶሮ ቆጡ፣ በመጨረሻም የጎረቤት ልጅ ለብስክሌቱ ሊለምን ይመጣል።